የሶፍትዌር መስፈርት አብነቶችን አዘጋጅቶ ደጋግሞ ለመጠቀም፦ የአሠራር መመሪያ

አዲስ የሶፍትዌር ሥራ ሲጀመር የመስፈርት ሰነዱን፣ ማለትም ሥርዓቱ ምን መሥራት እንዳለበት የሚዘረዝረውን ሰነድ፣ ከባዶ ወረቀት የሚጽፍ ተንታኝ እምብዛም አይገኝም። አብዛኛው ያለፈውን ፕሮጀክት ሰነድ ይከፍታል፤ የደንበኛውን ስም ይለውጣል፣ የማያስፈልገውን ይቆርጣል፣ የጎደለውን ይጨምራል፣ ያስረክባል። ይህ አሠራር ጊዜ እንደሚቆጥብ አይካድም፤ ጣጣው የሚታየው ግን ዘግይቶ ነው። የተገለበጠው ዓረፍተ ነገር ማን ጠይቆት እንደተጻፈና በምን ሁኔታ ትክክል እንደነበረ ከሰነዱ ላይ ስለማይገኝ፣ አዲሱ ደንበኛ ያልጠየቀው ግዴታ ውሉ ውስጥ ይገባል፤ በእርግጥ የሚያስፈልገው ደግሞ ማንም ሳያስተውለው ይቀራል።

የመስፈርት አብነት፣ የሙያው ሰዎች በተለምዶ «ፓተርን» የሚሉት፣ ይህን ችግር ለማቃለል የተበጀ ነው። አብነት በተለያዩ ፕሮጀክቶች ደጋግሞ ለሚያጋጥም ፍላጎት የተዘጋጀ የዓረፍተ ነገር ቅርጽ ሲሆን፣ ከቅርጹ ጋር የት እንደሚሠራ፣ የት እንደማይሠራና ከመጻፉ በፊት ደንበኛውን ምን መጠየቅ እንደሚያስፈልግ አብሮ ይይዛል። ሐሳቡ መጀመሪያ የተስፋፋው በሕንፃ ንድፍ ሙያ፣ በተለይም ክሪስቶፈር አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባቀረባቸው ሥራዎች ሲሆን፣ በ1990ዎቹ ወደ ሶፍትዌር ንድፍ፣ ከዚያም ወደ መስፈርት ሥራ ተሸጋግሯል። በባርሴሎና የካታሎኒያ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲና በሉክሰምበርግ የሚገኝ የምርምር ማዕከል ተባብረው ያዘጋጁት «ፓብሬ» የተባለው ዘዴ እያንዳንዱን አብነት በቋሚ ክፍልና በማስፋፊያ ክፍል ከፍሎ፣ በውስጡ እንደ ደንበኛው የሚሞሉ ክፍት ቦታዎችን ይተዋል። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራርም ይህንኑ አከፋፈል ይከተላል። በእኔ እምነት ግን በአንድ አብነት ውስጥ ከፍተኛ ዋጋ ያላቸው ጥያቄዎቹ ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሩ የእነርሱ መልስ ማጠራቀሚያ ነው።

መስፈርትን ከነበረበት ሁኔታ ነጥሎ መውሰድ የሚያስከትለውን ለማየት የአሪያን 5 ሮኬትን የመጀመሪያ በረራ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 ከፈረንሳይ ጊያና የተተኮሰው ይህ ሮኬት የበረራ ሂደቱ ከተጀመረ 40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ከመስመሩ ወጥቶ ፈነዳ። የሮኬቱን አቋምና እንቅስቃሴ የሚለካው ሶፍትዌር ከአሪያን 4 የተወሰደ ነበር። በቀደሙት የአሪያን ሮኬቶች ላይ፣ የማስወንጨፊያው ቆጠራ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ቢቋረጥ የመለኪያ መሣሪያውን ማስተካከያ ከመጀመሪያው መድገም ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ፣ የማስተካከያው ተግባር ሮኬቱ ከተነሣም በኋላ ለጥቂት ጊዜ እንዲቀጥል የሚያዝ መስፈርት ነበረ። አሪያን 5 የተለየ የዝግጅት ቅደም ተከተል ስላለው ይህ መስፈርት ለእርሱ አያስፈልገውም ነበር፤ ሆኖም እንዳለ ተወሰደ። የአዲሱ ሮኬት አግድም ፍጥነት በበረራው መጀመሪያ ላይ ከቀድሞው እጅግ የሚበልጥ በመሆኑ፣ ከዚሁ ፍጥነት ጋር የተያያዘ አንድ ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ሲቀየር ከሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን ከ32,767 አለፈ፤ መጠባበቂያውም ዋናውም መሣሪያ በአንድ ምክንያት ሥራ አቆሙ። መስፈርቱ በአሪያን 4 ላይ ሲጻፍ ምክንያት ነበረው፤ ከምክንያቱ ጋር ቢጓዝ ኖሮ አንድ ሰው «ይህ ለእኛ ይሠራል?» ብሎ የመጠየቅ ዕድል ይኖረው ነበር።

በሚከተሉት ደረጃዎች ውስጥ ለምሳሌነት የተመረጠው የአንድ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የሂሳብ ሥርዓት ነው፤ አባላትን ይመዘግባል፣ ቁጠባ ይሰበስባል፣ ብድር ይሰጣል፣ ወለድ ያስባል።

ደረጃ 1፦ ጥሬ ዕቃውን መሰብሰብ

በቅርብ ዓመታት የተጠናቀቁ ጥቂት ፕሮጀክቶችን የመስፈርት ሰነዶች ሰብስቡ። በዚህ አትቁሙ። ከሰነዶቹ ይልቅ ብዙ የሚያስተምሩት ሥራው ከተጀመረ በኋላ የመጡት የለውጥ ጥያቄዎች፣ በርክክብ ጊዜ የተመዘገቡ ቅሬታዎችና ፈታኞች «ሰነዱ ምን እንደሚል ግልጽ አይደለም» ብለው የመለሷቸው ነጥቦች ናቸው። የመስፈርት ሰነድ የታሰበውን ብቻ ያሳያል፤ የለውጥ ጥያቄ ግን የተረሳውን ይናገራል፤ አብነት በዋናነት የሚያስፈልገውም ዳግም እንዳይረሳ ለምንፈልገው ነገር ነው። የደንበኞችን ምሥጢር የያዙ ስሞችንና ቁጥሮችን በዚሁ ደረጃ አውጡ።

ደረጃ 2፦ አብነት የሚሆነውን መለየት

አንድ መስፈርት አብነት ለመሆን ብቁ የሚሆነው፣ በተለያዩ ደንበኞች ዘንድ ግቡ አንድ ሆኖ ዝርዝሩ ሲለያይ ነው። የተጠቃሚ መግቢያና የሥልጣን ገደብ፣ ማን ምን እንደሠራ የሚያሳይ መዝገብ፣ የሪፖርት አወጣጥ፣ የመረጃ ቅጂ አያያዝ፣ የምላሽ ፍጥነት፣ የስምና የቀን አመዘጋገብ፣ የደረሰኝ አሰጣጥ ከሞላ ጎደል በሁሉም ሥራ ይገኛሉ። የማኅበሩ ብድር ኮሚቴ ለአንድ ብድር ስንት ዋስ እንደሚጠይቅ የሚወስነው ደንብ ግን የዚያው ማኅበር ጉዳይ ነው፤ አብነት ለማድረግ መታገል ጊዜ ማባከን ነው። ከውጭ የተዘጋጁ የአብነት ስብስቦችን መመልከት ጠቃሚ ቢሆንም፣ እንደ ስምና ቀን ያሉትን ለአገራችን ሁኔታ የሚስማሙትን ከዚያ አታገኟቸውም፤ ራሳችሁ ታዘጋጃላችሁ። በጥቂት አብነቶች መጀመርም ይበጃል፤ ማንም የማይከፍተው ትልቅ ካታሎግ በየጊዜው ከሚሠራበት ትንሽ ካታሎግ አይሻልም።

ደረጃ 3፦ አብነቱን መጻፍ

እያንዳንዱ አብነት ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። የሚይዛቸው ነገሮች ስም፣ ግብ፣ የሚሠራበትና የማይሠራበት ሁኔታ፣ የሚጠየቁ ጥያቄዎች፣ ክፍት ቦታ ያለው ቋሚ ዓረፍተ ነገር፣ እንደ አስፈላጊነቱ የሚጨመሩ ማስፋፊያዎች፣ አብረው መታየት ያለባቸው ሌሎች አብነቶችና የመፈተሻ ምሳሌ ናቸው። የስም አብነትን እንደሚከተለው መጻፍ ይቻላል።

ስም፦ የሰው ስም ምዝገባና ፍለጋ።

ግብ፦ በግዕዝ ፊደል የተመዘገበ ሰው፣ ስሙ በተለያየ የሆሄ አጻጻፍ ቢፈለግም እንዲገኝና ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ማድረግ።

የሚሠራበት፦ ስም በአማርኛ የሚመዘገብበትና መዝጋቢው ስሙን ሰምቶ የሚጽፍበት ማንኛውም ሥርዓት። የማይሠራበት፦ የሆሄው ልዩነት ራሱ ትርጉም ያለው ሥራ፣ ለምሳሌ የግዕዝ ጽሑፎች ማኅደር፤ በግዕዝ «ሠ» እና «ሰ»ን እንደ አንድ መቁጠር ስሕተት ነው።

ጥያቄዎች፦ የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ለየብቻ ይመዘገባሉ ወይስ በአንድ ሳጥን? የአያት ስም ግዴታ ነው? ዝርዝር በፊደል ተራ ሲወጣ የሚደረደረው በራስ ስም ነው? ስሙ በላቲን ፊደልም ይመዘገባል? ከሆነ አጻጻፉ ከፓስፖርት ነው የሚወሰደው ወይስ መዝጋቢው እንደመሰለው ይጽፈዋል? ማዕረግና የክብር መጠሪያ የስሙ አካል ነው?

ቋሚ ዓረፍተ ነገር፦ «ተጠቃሚው ስም ጽፎ ሲፈልግ፣ ሥርዓቱ [የሞክሼ ሆሄያት ዝርዝር] እንደ አንድ ሆሄ ቆጥሮ የሚስማሙትን መዝገቦች ሁሉ በ[የሰከንድ ብዛት] ሰከንድ ውስጥ ማሳየት አለበት።»

ማስፋፊያ፦ «ሥርዓቱ ስሙን ባለቤቱ በሰጠው አጻጻፍ ማስቀመጥና ማተም አለበት።» ይህ ማስፋፊያ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ኸ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለፍለጋ ሲባል ወደ አንድ ይመለሱ ሲባል፣ ፕሮግራመሩ የተቀመጠውን ስም ራሱን ሊለውጠው ይችላል፤ ያን ጊዜ የአባሉ ደረሰኝ ከመታወቂያው ጋር ሳይገጥም ይቀራል።

አብረው የሚታዩ፦ የድግግሞሽ ምዝገባ ቁጥጥር፤ የፊደል ተራ አደራደር፤ የመታወቂያ ቁጥር አመዘጋገብ።

የመፈተሻ ምሳሌ፦ «ዓለሙ ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ አባል «አለሙ ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ ይገኛል፤ በደረሰኙ ላይ ግን «ዓለሙ ኃይሉ» ተብሎ ይታተማል።

የመፈተሻ ምሳሌው ለጌጥ የገባ አይደለም። ምሳሌ ሊወጣለት የማይችል አብነት ዓረፍተ ነገሩ እንዳልጠራ ያሳያልና ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ጻፉት።

የቀን አብነት ደግሞ ከዚህም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ አባል ነሐሴ 20 ቀን ብድር ቢወስድና የመጀመሪያው ክፍያ «ከአንድ ወር በኋላ» ነው ቢባል፣ ቀኑ መቼ ነው? ወር ማለት 30 ቀን ከሆነ፣ ጳጉሜን 5 ቀን በምትሆንበት ዓመት መስከረም 15፣ 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 14 ይሆናል። ጳጉሜን እንደ ወር ካልተቆጠረች መስከረም 20 ነው። ፕሮግራመሩ በወሩ ቁጥር ላይ አንድ ብቻ ከደመረ ደግሞ ጳጉሜን 20 የሚባል የሌለ ቀን ይወጣል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አቆጣጠሮች የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚወስነው የማኅበሩ ደንብ ነው እንጂ ተንታኙ ወይም ፕሮግራመሩ አይደለም። ስለዚህ የቀን አብነት ቢያንስ የሚከተሉትን ይጠይቅ፦ ቀን በየትኛው አቆጣጠር ይመዘገባል፣ በየትኛውስ ይታያል? በጳጉሜን ቀናት ወለድ ይታሰባል? የሚታሰብ ከሆነ በየትኛው ወር ሂሳብ ይካተታል? ዓመታዊ ሪፖርት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው ወይስ በሌላ ቀን? ሰዓት ሲጻፍ «8 ሰዓት» ማለት ከቀኑ ስምንት ነው ወይስ በውጭ አቆጣጠር ጧት ሁለት ሰዓት? ከአገር ውጭ ሆኖ ገንዘብ የሚልክ አባል ካለ፣ ደረሰኙ ላይ ሁለቱም አቆጣጠሮች ይታተሙለታል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ የማኅበሩ ሰነድ ከሌለ፣ ያ ራሱ አንድ ትልቅ ግኝት ነው።

ደረጃ 4፦ ዓረፍተ ነገሩን ማጥራት

አሊስቴር ማቪንና የሮልስ ሮይስ ባልደረቦቹ የአውሮፕላን ሞተር መቆጣጠሪያን የሚመለከቱ ደንቦችን ሲያጠኑ ያወጡት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሙያው ማኅበረሰብ ያቀረቡት «ኢርስ» የተሰኘ ዘዴ፣ የመስፈርት ዓረፍተ ነገሮችን በአምስት ቅርጾች ይመድባል። ለአማርኛ በደንብ ይስማማል፤ ምክንያቱም በአማርኛ ሁኔታን የሚገልጸው ሐረግ ከዋናው ግስ አስቀድሞ መምጣቱ የተለመደ ነው። ለማኅበራችን ቢጻፉ ይህን ይመስላሉ። ምንጊዜም የሚሠራ፦ «ሥርዓቱ እያንዳንዱን የሂሳብ ለውጥ ከፈጸመው ሠራተኛ መለያ ጋር መመዝገብ አለበት።» አንድ ነገር ሲከሰት፦ «አባሉ የብድር ክፍያ ሲፈጽም፣ ሥርዓቱ ደረሰኝ ማዘጋጀት አለበት።» አንድ ሁኔታ እስካለ ድረስ፦ «የቀኑ ሂሳብ ተዘግቶ እስካለ ድረስ፣ ሥርዓቱ በዚያ ቀን አዲስ ክፍያ እንዳይመዘገብ መከልከል አለበት።» ያልተፈለገ ነገር ቢደርስ፦ «የክፍያ ማረጋገጫ ሳይመጣ ግንኙነቱ ቢቋረጥ፣ ሥርዓቱ ክፍያውን ያልተረጋገጠ ብሎ መያዝና ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይመዘገብ መከልከል አለበት።» በምርጫ የሚገጠም ነገር ሲኖር፦ «የአጭር መልእክት አገልግሎት ባለበት ቅርንጫፍ፣ ሥርዓቱ የክፍያ ቀን ከመድረሱ [የቀናት ብዛት] ቀን በፊት ለአባሉ መልእክት መላክ አለበት።»

ከአምስቱ አራተኛው ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ኔትወርክና መብራት በሚቆራረጥበት ቅርንጫፍ ለሚሠራ ሥርዓት ግን ለእርሱ የተለየ ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው። ለእያንዳንዱ «ሲከሰት» ዓረፍተ ነገር ቢያንስ አንድ «ቢደርስ» ዓረፍተ ነገር መኖሩን አረጋግጡ።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ልዩ ማሳሰቢያ የሚያስፈልገው አድራጊው እንዳይጠፋ ነው። «ደረሰኝ ለአባሉ መላክ አለበት» የሚለው ላኪው ሥርዓቱ ይሁን ገንዘብ ተቀባዩ አይናገርም፤ «ደረሰኝ ይላካል» ሲባል ደግሞ ግዴታውም አድራጊውም ይደበዝዛሉ። ስለዚህ «ሥርዓቱ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ በግልጽ ይጻፍ፤ ንባቡ ቢሰለችም የርክክብ ክርክር ያስቀራል። ግዴታ ለሆነው «አለበት»ን ብቻ ተጠቀሙ፤ «ይገባል»፣ «ቢሆን ይመረጣል»፣ «ይችላል» እየተቀያየሩ ሲገቡ ተቋራጩ የትኛው ግዴታ እንደሆነ በራሱ ይወስናል። «ፈጣን»፣ «ቀላል»፣ «ዘመናዊ» የሚሉ ቃላትም አብነት ውስጥ አይግቡ፤ በምትካቸው የሚለካ ክፍት ቦታ ይቀመጥ፦ «[የተጠቃሚዎች ብዛት] ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ፣ ሥርዓቱ ከፍለጋዎቹ [በመቶኛ] ያህሉን በ[የሰከንድ ብዛት] ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት።»

ደረጃ 5፦ ከደንበኛው ጋር መጠቀም

ወደ ስብሰባ ስትገቡ ቋሚውን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ አታሳዩ። ተዘጋጅቶ የቀረበ ዓረፍተ ነገር ሲነበብለት አብዛኛው ሰው፣ በተለይ ለባለሙያ ክብር የሚሰጥ የማኅበር ሊቀ መንበር ወይም በዕድሜ የገፉ ሒሳብ ሹም፣ በይሉኝታ «ጥሩ ነው» ብለው ያልፋሉ። ጥያቄዎቹን አስቀድሙ፤ መልሱን ከራሳቸው አፍ ከሰማችሁ በኋላ ክፍት ቦታዎቹን ሞልታችሁ ዓረፍተ ነገሩን አንብቡላቸው። «በጳጉሜን ወለድ ታስባላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ሒሳብ ሹሙንና ገንዘብ ያዡን ካከራከረ፣ ክርክሩ በሶፍትዌሩ ላይ ሳይሆን በወረቀት ላይ ማለቁ ለሁሉም ይረክሳል።

ለእያንዳንዱ አብነት ከሦስት አንድ ውሳኔ ይመዝገብ፦ እንዳለ ተወስዷል፣ ተለውጦ ተወስዷል፣ አያስፈልግም ተብሏል። «አያስፈልግም» የተባለው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ከወራት በኋላ «ይህን ለምን አልሠራችሁም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እርሱ ነው። መልስ ያልተገኘለት ክፍት ቦታ ደግሞ በሰነዱ ላይ ክፍት ሆኖ ይታይ፤ አጠገቡም መልሱን የሚያመጣው ሰውና የሚያመጣበት ቀን ይጻፍ። ከቀድሞው ፕሮጀክት ላይ «3 ሰከንድ» የሚለውን ወስዶ ለጊዜው መሙላት ክልክል መሆን አለበት፤ ለጊዜው የተሞላ ቁጥር ማንም አይመለስበትም።

ደረጃ 6፦ መስፈርቶቹ እርስ በርስ እንዳይጋጩ ማረጋገጥ

አብነቶች ተለይተው ሲነበቡ ሁሉም ትክክል ሊመስሉ ይችላሉ፤ ሲገናኙ ግን ይጋጫሉ። ማን ምን እንደሠራ የሚያሳየው መዝገብ ለዓመታት እንዳይሰረዝ ያዛል፤ የግል መረጃ አብነት በበኩሉ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ የሰውን መረጃ ማቆየትን ይገድባል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ጉዳይ በግምት የሚታለፍ አይደለም፤ የትኛው መረጃ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የማኅበሩ ኃላፊዎችና የሕግ ባለሙያ ሊወስኑት ይገባል። ለማጣራት እያንዳንዱን አብነት «አብረው የሚታዩ» ከተባሉት ጋር ብቻ ጎን ለጎን አንብቡ፤ ሁሉንም ከሁሉም ጋር ማነጻጸር በተግባር አይሳካም። ከዚያም አይሶ/አይኢሲ/አይትሪፕልኢ 29148 የተባለው የመስፈርት ሥራ ደረጃ ከሚጠይቃቸው መካከል ሦስቱን በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ሞክሩ፦ በእርግጥ ያስፈልጋል? አንድ ነገር ብቻ ይናገራል? ተፈትኖ ሊረጋገጥ ይችላል?

ደረጃ 7፦ ካታሎጉን መያዝና ማደስ

ለመጀመር ልዩ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ በጋራ የሚከፈት የሠንጠረዥ ፋይል ወይም ፕሮግራመሮች የፕሮግራም ኮድ የሚያስቀምጡበት ቦታ ይበቃል። የማይቀረው ግን ለእያንዳንዱ አብነት አንድ ኃላፊና የስሪት ቁጥር መመደብ፣ እንዲሁም በየትኛው ፕሮጀክት የትኛው ስሪት እንደተወሰደ መመዝገብ ነው። ፕሮጀክት በተጠናቀቀ ቁጥር የለውጥ ጥያቄዎቹን አውጥታችሁ ለእያንዳንዱ «በካታሎጉ ውስጥ ይህን ቀድሞ የሚያስነሣ ጥያቄ ነበረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልነበረ ጥያቄው ይጨመር፤ ነበረ ግን ካልተጠየቀ፣ ምናልባት ጥያቄዎቹ በዝተው ሰው እየዘለላቸው ነውና ይቀነሱ። በሁለት ተከታታይ ፕሮጀክቶች በየጊዜው ተለውጦ የተወሰደ አብነት ቋሚ ክፍሉ በትክክል አልተመረጠም ማለት ስለሆነ፣ ለሁለት ይከፈል ወይም ግቡ እንደገና ይጻፍ። ማንም የማይወስደው ደግሞ ከካታሎጉ ይውጣ፤ ፋይሉ ግን አይሰረዝ፤ ምክንያቱን ጽፋችሁ በሌላ ቦታ አኑሩት።

የስሪት ምዝገባው ጥቅም በተለይ ሕግ ሲለወጥ ይታያል። ስለ ዲጂታል መታወቂያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከመምጣቱ በፊት የመታወቂያ ቁጥርን «የቀበሌ መታወቂያ» ብሎ የጻፈ አብነት በአዲስ ስሪት የፋይዳ ቁጥርንም እንዲያካትት መደረጉ አይቀርም። የትኞቹ ሰነዶች አሮጌውን ስሪት እንደያዙ ከመዝገቡ ካወቃችሁ፣ ለየትኛው ደንበኛ ደውላችሁ የለውጥ ስምምነት እንደምታቀርቡ በዚያው ቀን ትለያላችሁ፤ ካላወቃችሁ ግን ያለፉትን ሰነዶች ሁሉ አንድ በአንድ መክፈት ይኖርባችኋል።